የታክሲ ቦርድ ጌማችን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ለአሳታሚ ከማሳየታችን በፊት ምን እናስተካክል?

የመገናኛ ወረፋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ዙሪያ ቦርድ ጌም እየሠራን ነው። ከ2 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል። ሰሌዳው ላይ 12 ፌርማታዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መገናኛ፣ 4 ኪሎ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ሳሪስ፣ ቦሌ እያለ ይዞራል። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ሁለት ዳይስ ወርውሮ በድምሩ ልክ ይሄዳል። ያረፈበት ፌርማታ ላይ የቆሙትን ተሳፋሪዎች ይጭናል፤ መድረሻቸው እዚያ የሆነውን አውርዶ ሒሳብ ይቀበላል። የተሳፋሪ ካርዶቹ 72 ናቸው። በሰበሰበው ብር ሁለተኛ ሚኒባስ መግዛት ይችላል። ቀድሞ 300 ብር የሞላለት ያሸንፋል።

ችግሮቻችን እነዚህ ናቸው። አራት ሰው ሲጫወተው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛ ሚኒባስ ቀድሞ የገዛ ሰው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ያሸንፋል። ተራቸውን የሚጠብቁት ስልካቸውን ያወጣሉ። የሞከሩት ሁሉ "በጣም አሪፍ ነው" ይሉናል፤ "አንዴ እንድገም" ያለ ግን የለም።

ጀርመን አገር ላለ አሳታሚ ብናቀርበው ይሻላል ወይስ እዚሁ ጥቂት ኮፒ እናሳትም? ከዚያ በፊትስ ስንት ጊዜ መሞከር አለብን? ሐሳባችንን እንዳይወስዱብንም ሰግተናል። የምታውቁትን አካፍሉን።

—

መደቅ፦

"ሁለት ሰዓት" የሚለውን መጀመሪያ በትኑት። የጨዋታ ርዝመት የሚመጣው የተጫዋቾች ብዛት፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ተራና አንዱ ተራ የሚወስደው ሰከንድ ሲባዙ ነው። 300 ብር ለመሙላት በአንድ ተራ በአማካይ 7 ብር ከ50 ይገባል ብንል 40 ተራ ያስፈልጋል። 4 ሰው፣ 40 ተራ፣ 45 ሰከንድ፤ 7,200 ሰከንድ ነው። ይኸው ሁለት ሰዓታችሁ። አንድ ሰው ከተራው እስከ ተራው 135 ሰከንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስልኩ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። የራሳችሁን ቁጥር በሰዓት መያዣ ለክታችሁ በዚሁ ስሌት አስገቡት።

ብዙ ሰው ጨዋታ ሲረዝምበት 300ውን 150 ያደርጋል። ይህ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ማብቂያው ብር እስከሆነ ድረስ ዳይሱ እምቢ ያለ ቀን ጨዋታው ይለጠጣል። ማብቂያውን ካርዱ ላይ እሰሩት፤ የተሳፋሪ ካርድ ሲያልቅ መሸ፣ ብር ይቆጠር። ካርዱን 54 ብታደርጉትና በአንድ ተራ በአማካይ አንድ ካርድ ቢነሳ፣ ጨዋታው በጠቅላላው 54 ተራ ነው። በ45 ሰከንዱም ቢሆን ከ40 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ደግሞም ካርዱን የሚጨርሱት ሁሉም በጋራ ስለሆነ ተጫዋቹ 2 ሆነ 4 ርዝመቱ ያው ነው።

ይህ ለውጥ የሁለተኛውን ሚኒባስ ችግርም አብሮ ይነካል። ሚኒባሱ 60 ብር ያወጣል፣ በየተራው 7 ብር ከ50 ይጨምራል እንበል። ዋጋውን ለመመለስ 8 ተራ ይበቃዋል። 40 ተራ ባለው ጨዋታ በ5ኛው ተራ የገዛ ሰው ከ13ኛው ተራ በኋላ የሚያገኘው ሁሉ ንጹሕ ትርፍ ነው። ታዲያ ያልገዛ እንዴት ያሸንፋል? ለአንድ ሰው 13 ተራ ብቻ ሲደርሰው ግን በ5ኛው ተራ የተገዛ ሚኒባስ ዋጋውን መልሶ የሚጨርሰው መጨረሻው ላይ ነው። ያኔ "ልግዛ ወይስ ልቅር?" የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። የምትሸጡትን ዕቃ ሁሉ በዚህ መንገድ ፈትሹት፤ በስንት ተራ ዋጋውን ይመልሳል? ከዚያስ በኋላ ስንት ተራ ይቀራል?

አሁንም የመራው እየሮጠ የሚያመልጥ ከሆነ ፓወር ግሪድ ከተባለው ቦርድ ጌም ተማሩ። እዚያ ብዙ ከተማ ያገናኘው ተጫዋች ነዳጅ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ርካሹ ካለቀ በኋላ ውዱ ይደርሰዋል። እናንተም ዙር በተጀመረ ቁጥር ብር ያነሰው ቀድሞ እንዲሄድ ማድረግ ትችላላችሁ። ከመሪው ብር የሚነጥቅ ካርድ ግን አትጨምሩ። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ሲነጠቅ ጨዋታው ላይ ይቀየማል፤ ተራው ወደ ኋላ ሲሆንበት ግን እምብዛም አይከፋውም።

ዳይሱ ላይ ብዙ የባከነ ተራ አለ። ሁለት ዳይስ ሲወረወር 36 ዓይነት አወጣጥ አለ። 7 የሚመጣው በ6ቱ፣ 6 በ5ቱ፣ 3 በ2ቱ ብቻ ነው። ተሳፋሪዬ የሚወርደው 3 ፌርማታ ወደፊት ከሆነና ልክ እዚያ ማረፍ ካለብኝ፣ ዕድሌ ከ36 ሁለት ነው ማለት ነው። ይህን ሰው ጭኖ ሰሌዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዞር ሾፌር ይኖራል። ደንቡን "ከሁለቱ ዳይስ አንዱን ወይም ድምሩን ምረጥ" ብታደርጉት ለ3 ፌርማታ ከ36 ሁለት የነበረው ዕድል ወደ 13፣ ለ6 ፌርማታ ከ36 አምስት የነበረው ወደ 16 ከፍ ይላል። ተጫዋቹም ከወረወረ በኋላ የሚያስበው ነገር ያገኛል።

ከዚህም የሚሻል ነገር ከርዕሳችሁ ውስጥ አለላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው የሚወርደው "ወራጅ አለ!" ብሎ እንጂ መኪናው መጨረሻ እስኪደርስ ጠብቆ አይደለም። ስለዚህ መጫን በቆሙበት ፌርማታ ብቻ ይሁን፣ ማውረድ ግን በመንገድ ላይ ባለፉበት ሁሉ ይፈቀድ። ሾፌሩ እያለፈ "ወራጅ አለ" ይበልና ካርዱን አስቀምጦ ሒሳቡን ይቀበል። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ይህን ደንብ አይረሳውም፤ ስሙ ራሱ ይነግረዋል።

ስለ መጠበቁ ደግሞ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን አስታውሱ። መጀመሪያው ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለ፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። ጠዋት መገናኛ ላይ ታክሲ ሲመጣ የሚሆነውስ ይኸው አይደል? 54ቱን ካርድ በሦስት 18 ክፈሉት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀመር 6 ካርድ ይገለጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ አንድ ይንጠቅ፣ የተረፈው በየፌርማታው ይቀመጥ። ለ4 ሰው 12 ካርድ በወረራ ይሄዳል፤ 42 ተራ ይቀራል፤ 32 ደቂቃ ገደማ ነው። የሚኒባሱን ዋጋ ያን ጊዜ እንደገና አስሉት፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ተራ ወደ 10 ወርዷልና 60 ብር ውድ ይሆናል።

—

ጠጠር ቆጣሪ፦

መደቅ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጡ። ማብቂያውን፣ ዳይሱንና ሚኒባሱን አንድ ላይ ቀይራችሁ ጨዋታው ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አታውቁም፤ ቢበላሽም እንዲሁ። ማብቂያው ይቅደም፤ ትልቁ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ቅጂ ቁጥርና ቀን ስጡ፤ ደንቡ ላይም፣ በካርዶቹ ጥግም ላይ ጻፉት። የ3ኛው ቅጂ ካርድ 5ኛው ውስጥ ተደባልቆ ሲገኝ ያ ሁሉ ሙከራ ከንቱ ይሆናል።

"በጣም አሪፍ ነው" የሚለውን መልስ እንደ መረጃ አትቁጠሩት። ይሉኝታ ነው። ቡናችሁን ጠጥቶ ፊታችሁ ተቀምጦ "ሰለቸኝ" የሚል ሰው አታገኙም። ስለዚህ አስተያየት የሚጠይቅ ጥያቄ ትታችሁ ምርጫ የሚያስገድድ ጠይቁ። "ከጨዋታው አንድ ነገር የግድ ይውጣ ቢባል ምን ታወጣላችሁ?" "የትኛው ተራችሁ ላይ የምትመርጡት ነገር አልነበረም?" "ሊያሸንፍ የሚችለው ማን እንደሆነ መቼ አወቃችሁ?" ይህ የመጨረሻው ለእናንተ በጣም ይጠቅማችኋል። መልሱ "ግማሹ ላይ" ከሆነ፣ የቀረው ግማሽ ለሦስቱ ሰዎች የሞተ ጊዜ ነው። መልሱን ስም በሌለበት ብጣሽ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ወረቀቱን የሚሰበስበውም ከሁለታችሁ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን።

ከንግግር ይልቅ እጅ ይታመናል። አንዳችሁ እየተጫወታችሁ ሌላው ወረቀት ይዞ ጥግ ይቀመጥ፤ የተሻለው ግን ሁለታችሁም አለመጫወታችሁ ነው። የሚመዘገበው ብዙ አይደለም። የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ በየዙሩ የእያንዳንዱ ብር፣ ስልክ የተነካበት ተራ፣ ደንብ ተገልጦ የታየበት ገጽ፣ ማንም ያላነሳው ካርድ። በሦስት የተለያየ ቡድን ያልተነሳ ካርድ ካለ ያ ካርድ ወይ ክፍያው አንሷል ወይ ጽሑፉ አልገባም። የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ካርዱን አንስቶ አንብቦ መልሶ ያስቀመጠውን ሰው ስታዩ ነው።

ከማን ጋር እንደምትሞክሩም አስቡ። ታላቅ ወንድም፣ አጎት ወይም የሥራ አለቃ ጠረጴዛው ላይ ካለ ታናሹ ካርድ አይነጥቅበትም፤ ያከብረዋል። ወረራውን ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጋር ብቻ ከሞከራችሁት ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። እኩዮችን ለብቻ፣ የቤተሰብ ቡድንን ለብቻ ሞክሩ፤ ሁለቱም ገዢዎቻችሁ ናቸውና ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ስንት ጊዜ ላላችሁት፣ ምን ለማወቅ እንደፈለጋችሁ ይወስነዋል። ደንቡ ይገባል ወይ ለሚለው ሦስት አዲስ ቡድን ይበቃል፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ከተሰናከሉ አራተኛ አያስፈልግም። ለሚዛን ግን ብዙ ጨዋታ ይጠይቃል። ምሳሌ ልስጣችሁ፦ አራት ሰው 20 ጊዜ ቢጫወት መጀመሪያ የሚሄደው 5 ጊዜ ያህል ማሸነፍ አለበት። 7 ጊዜ ቢያሸንፍ አትደንግጡ፤ ምንም አድልዎ በሌለበት ጨዋታም ከአምስት አንድ ጊዜ 7 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ ይመጣል። 9 እና ከዚያ በላይ ግን በዕድል የሚመጣው ከ100 አራት ጊዜ ነው። ያኔ ደንቡን ጠርጥሩ፤ ለመጨረሻው ተጫዋች ትንሽ ብር በመጨመር ጀምሩ። ሁለት ጨዋታ አይቶ ዋጋ የሚቀያይር ሰው የሚያሳድደው ዳይሱን ነው።

መጨረሻ ላይ አስረጂ የሌለበት ሙከራ የግድ ነው። ሳጥኑን እንደተዘጋ ጨዋታውን ለማያውቁ ሰዎች ስጡ፣ ከዚያ አፋችሁን ዝጉ። ተሳስተው ቢጫወቱም አታርሙ፤ ስሕተቱ የእናንተ ጽሑፍ ስሕተት ነው፣ ሲደገም ማየት አለባችሁ። አስቸጋሪው የዚህ ሙከራ ክፍል ዝም ማለት ነው። ካልቻላችሁ ክፍሉን ለቅቃችሁ ውጡና በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ፣ ካሜራው ፊታቸውን ሳይሆን ጠረጴዛውን ያሳይ።

—

የመገናኛ ወረፋ፦

በጣም እናመሰግናለን፤ "ወራጅ አለ" የሚለውን ዛሬውኑ እናስገባዋለን። ካርዱን ወደ 54 ማውረድ የተባለው ለርዝመቱ ብቻ ነው ወይስ ለኅትመትም ይጠቅማል? አሁን ያለን ናሙና በኤ4 ታትሞ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ሲበወዝ ይጣበቃል፣ ከጀርባም እየታወቀ ነው።

—

ቀለምና ወረቀት፦

ለኅትመትም ይጠቅማል። የተለመደው የካርድ መጠን 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጫወቻ ካርታ 52 ከሁለት ጆከር ጋር 54 ስለሆነ የውጭ ካርድ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በአንድ ትልቅ ወረቀት 54 ወይም 55 አድርገው ነው የሚያትሙት። 72 ካርድ ካላችሁ ከሁለተኛው ወረቀት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ባዶ ሆኖ ትከፍሉበታላችሁ። እዚህ በዲጂታል ማተሚያ ብታሠሩት ደግሞ፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ሲጨመር ካርዱ 69 በ94 ይሆናል፤ 320 በ450 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ 18 ይገባል፣ 3 በ6 ተደርድሮ። 54 ካርድ ልክ 3 ወረቀት ነው። ኤ4 ላይ 9 ካርድ የሚገባው ያለ ትርፍ ብቻ ነው፤ ትርፉን ስትጨምሩበት ስፋቱ 207 ሚሊ ሜትር ይደርስና ፕሪንተራችሁ ዳሩን ይበላዋል። የተቆረጠው ካርድ በአንድ ጎን ነጭ መስመር የሚያሳየው ለዚህ ነው።

ለሙከራ ጊዜ ግን ምንም አታሳትሙ። አንድ እሽግ የመጫወቻ ካርታ ግዙ፣ 54 ነው፣ በስቲከር ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና ፊቱ ላይ ለጥፉ። ጀርባው አንድ ዓይነት ስለሆነ አይታወቅም፣ በደንብ ይበወዛል፣ ዋጋ ስትቀይሩ አጥፍታችሁ ትጽፋላችሁ። ተሳፋሪ ቆርኪ ይሁን፤ ዳማ ላይ እንደሚደረገው ተገልብጦና ተከድኖ ሁለት ዓይነት ይሆንላችኋል። አምሮ የታተመ ናሙና ሌላም ጉዳት አለው፦ ሞካሪው "አልቋል" ብሎ ያስብና ለመተቸት ያፍራል፣ እናንተም የለፋችሁበትን ካርድ ለመጣል ትሳሳላችሁ።

ወደ ኅትመት ስትደርሱ 300 ግራም አርት ካርድ፣ በሁለቱም ፊት ማት ላሚኔሽን። በአንድ ፊት ብቻ የተለበጠ ካርድ ይጠማዘዛል። ከማሠራታችሁ በፊት አንዱን ናሙና አምፖል ፊት ያዙት፤ ከጀርባ ጽሑፉ የሚያሳልፍ ከሆነ የጀርባውን ቀለም አጥቁሩት። የጀርባው ሥዕል ዙሪያውን ክፈፍ አይኑረው፤ ሲቆረጥ አንድ ሚሊ ሜትር መሸሽ አይቀርም፣ ክፈፍ ካለ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ካርዱን ታሳብቃለች። የጎደለ ካርድ ለብቻው አታሳትሙ፤ በሌላ ቀን የታተመ ጀርባ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ያም ያሳብቃል። ጥጎቹ በክብ መቁረጫ ይቆረጡ፤ ሹል ጥግ በአሥር ጨዋታ ውስጥ ይላላጣል።

ፊደላችን ከ9 ነጥብ (ፖይንት) በታች አይታተም። ሰ እና ስ፣ ለ እና ሉ የሚለዩት በትናንሽ ጭረት ነው፤ ምሽት ላይ በደብዛዛ መብራት የፌርማታ ስም የሚያነብ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ፌርማታ አንድ ሥዕል ስጡት፣ ለፒያሳ ሌላ፣ ለመርካቶ ሌላ። ሚኒባሶቹን ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ማድረግ እንደምትፈልጉ ይገባኛል፤ አድርጉት፣ ግን ጣሪያቸው ላይ ያለው ዕቃ ይለያቸው፤ አንዱ ላይ ጆንያ፣ አንዱ ላይ ፍራሽ፣ አንዱ ላይ የዶሮ ቅርጫት። በቀለም ብቻ ከለያችሁ፣ በተለይ በቀይና በአረንጓዴ፣ ቀለሞቹ የማይለዩለት ተጫዋች ይቸገራል።

—

የፍራንክፈርት ጠረጴዛ፦

ስለ ጀርመን አሳታሚዎች። ትልቁ ገበያ በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ ኤሰን ከተማ የሚደረገው ሽፒል ነው፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን። አሳታሚዎች ለአዲስ ጨዋታ ደራሲ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ቀጠሮው የሚያዘው ከሳምንታት በፊት በኢሜይል ነው። በዚያው ቀን ሄዶ "አንዴ ላሳያችሁ" ማለት አይሠራም፣ ሁሉም ሽያጭ ላይ ናቸው። በሰኔ አካባቢ ጎቲንገን ውስጥ የደራሲያን ስብሰባም አለ፤ እዚያ የሚመጡት ናሙና ሊያዩ ብለው ነው፣ ለጀማሪ ከኤሰን የተረጋጋ ነው።

ቪዛ ባይሳካም ተስፋ አትቁረጡ። ቦርድ ጌም በኮምፒውተር የሚያጫውቱት ታብልቶፕ ሲሙሌተር ወይም ታብልቶፒያ ላይ ጨዋታውን ብትጭኑት አሳታሚው ከቢሮው ሆኖ ከእናንተ ጋር ይጫወተዋል። እዚህ ጀርመን ያለ ዘመድ ናሙናውን ይዞ ቀጠሮው ላይ መገኘት ይችላል፤ ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጫወተ ግን ይሁን። ደንብ ሲጠየቅ የሚያመነታ አቅራቢ ጥሩ ጨዋታ ያበላሻል።

በኢሜይል የሚላከው አንድ ገጽና የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ገጹ ላይ ስሙ፣ የተጫዋች ብዛት፣ ዕድሜ፣ ደቂቃ፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነቁጥሩ፣ በጨዋታ መሐል የተነሣ የጠረጴዛ ፎቶና "ከሌላው በምን ይለያል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ይኑር። የእናንተ ዓረፍተ ነገር "በአዲስ አበባ የሚካሄድ" የሚለው አይደለም፤ ዕቃ አንሥቶ የሚያደርስ ጨዋታ ገበያው ላይ ሞልቷል። "ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሳፋሪ ይነጥቃል፤ በመንገድ ላይ 'ወራጅ አለ' ብሎ ያወርዳል" የሚለው ነው። የደንቡን መጽሐፍ ሲጠይቁ ብቻ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት የአሳታሚውን ዝርዝር ተመልከቱ፤ የ40 ደቂቃ የቤተሰብ ጨዋታ የሚያሳትም መሆን አለበት፣ የአውቶቡስ ወይም የታክሲ ጨዋታ ቀድሞ ካለው ሁለተኛ አይወስድም።

ቀጠሮው ላይ ስለ ሐሳቡ አመጣጥ አታውሩ። ሰሌዳው ተዘርግቶ ይጠብቃቸው፣ በሁለት ደቂቃ ግቡንና አንዱን ተራ አሳዩ፣ ከዚያ ዳይሱን እጃቸው ላይ አስቀምጡ። ካርዱን አስቀድማችሁ ደርድሩት፤ ወረራው ወዲያው እንዲመጣ፣ በሦስተኛው ተራ ደግሞ ሁለት ተሳፋሪ በአንድ ጉዞ የሚወርድበት እንዲሆን። ይህ ማታለል አይደለም፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ የጨዋታውን ጥሩ ገጽ ለማየት ሌላ መንገድ የላቸውም። ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይጠይቋችኋል፤ ጠጠር ቆጣሪ ያለውን መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ።

ጽሑፍን በተመለከተ፦ አሳታሚው በብዙ ቋንቋ አንድ ላይ ማሳተም ይፈልጋል። ጽሑፉ በሙሉ በጥቁር ቀለም፣ ከሥዕሉ ተለይቶ በራሱ ሽፋን ላይ ከሆነ፣ ቋንቋ ሲቀየር የሚቀየረው የጥቁሩ ቀለም ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካርዱ ላይ ሥዕልና ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው።

ገንዘቡን በግልጽ እንነጋገር። ጨዋታው ሱቅ ላይ 25 ዩሮ ቢሸጥ አሳታሚው ከአከፋፋይ እጅ የሚያገኘው 40 በመቶ ገደማ፣ 10 ዩሮ ነው። የደራሲ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከ5 እስከ 8 በመቶ ነው። በ6 በመቶ 60 ሳንቲም፤ 3,000 ኮፒ ቢሸጥ 1,800 ዩሮ፣ ለሁለት 900፣ 900። የማምረቻ ወጪው ከሱቅ ዋጋው አንድ አምስተኛ ማለትም 5 ዩሮ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ሚኒባሶቹ በፕላስቲክ ቅርጽ ይሠሩ አትበሉ፣ ሻጋታው ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ገንዘብ ይጠይቃል። እንጨት ይበቃል።

ውሉ ላይ ሮያሊቲው ከየትኛው ዋጋ እንደሚሰላ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ሲሸጥ ድርሻችሁ፣ በተወሰነ ጊዜ ካላሳተሙት መብቱ ወደ እናንተ የሚመለስበት አንቀጽ ይኑር፤ 18 ወይም 24 ወር የተለመደ ነው። ስማችሁም ሳጥኑ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኑረምበርግ ውስጥ 13 ደራሲዎች በቢራ ማስቀመጫ ካርቶን ላይ ፈርመው ስማችን ሳጥኑ ላይ ካልታተመ ጨዋታ አንሰጥም ብለዋል፤ ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚታየው በዚያ ልፋት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የጀርመን የጨዋታ ደራሲዎች ማኅበርም ውል ላይ አባላቱን ያማክራል። ለማሳተም እናንተን ገንዘብ የሚጠይቅ "አሳታሚ" ካጋጠማችሁ ተዉት፤ ያ ማተሚያ ቤት ነው።

ሐሳብ መሰረቅን በተመለከተ፦ የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን የተገለጸበትን መንገድ ነው፤ የውጭውም ሕግ እንዲሁ። የደንባችሁ ጽሑፍ፣ ሥዕሉ፣ ካርዱ ይጠበቃል፤ "በአንድ ጊዜ መንጠቅ" አይጠበቅም። አሳታሚ ፊት ሚስጥር የመጠበቂያ ውል አታቅርቡ፤ አይፈርሙም። ሙሉ ደንቡን ከነቀኑ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፣ ናሙናው ውስጥ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ አድራሻችሁን ለጥፉ፣ ለማን መቼ እንዳሳያችሁ መዝግቡ።

አገር ቤት ማሳተምና ውጭ ማቅረብ አይጣሉም፤ ግን አሳታሚው ሲጠይቃችሁ ስንት ኮፒ የት እንደሸጣችሁ በግልጽ ንገሩት።

—

የመገናኛ ወረፋ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለመደቅ። ወረራውን ትናንት ማታ ሞከርነው፤ ስልክ ያወጣ ሰው የለም። ግን ሁለት እጅ አንድ ካርድ ላይ እያረፈ ክርክር ተነሣ፤ አንዴ ካርድ ተቀደደ። ምን እናድርግ?

—

መደቅ፦

ካርድ አይነጠቅ፤ ቆርኪ ይቀመጥበት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የራሱ ምልክት ያለበት ቆርኪ ስጡ፣ 6ቱ ካርዶች ከሁሉም እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ፣ ካርዶቹ ከመገለጣቸው በፊት ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ ያድርግ። ደንቡ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦

"ገላጩ 6 ካርድ ይገልጣል፤ ከዚያ 'ሙሉ!' ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆርኪውን አንድ ካርድ ላይ ያኖራል። የተቀመጠ ቆርኪ አይነሣም። አንድ ካርድ ላይ ሁለት ቆርኪ ካለ ከታች ያለው ይወስዳል። ከታች የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ተሳፋሪው በእግሩ ሄዷል፤ ካርዱ ከጨዋታ ይወጣል፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።"

ባዶ እጅ መቅረቱ ነው ክርክሩን የሚያስቀረው፤ መከራከር ለሁለቱም ኪሳራ ነው። ገላጩ በየወረራው ይቀያየር፤ ካርዱን በቅድሚያ የሚያየው እሱ ስለሆነ ገልጦ ሲጨርስ እጁን እንደ ሌሎቹ ጭኑ ላይ መልሶ ነው "ሙሉ!" የሚለው። ይህችን አንቀጽ ብቻ ለአዲስ ቡድን ስጡና ከሦስቱ ወረራዎች በስንቱ ካርድ እንደወጣ ቁጠሩ። በአንድ ጨዋታ ከሁለት በላይ ከወጣ 6ቱን ካርድ 7 አድርጉት።